ሥዕሉ የማያውቀው ቀይ ክር

ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይጠይቁኛል። «ዲያግራሙን ስለን ኮዱን ማሽኑ እንዲጽፈው ብናደርግ ያዋጣል?» ሮቤ ከተማ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ድሮ ሳላቅማማ «እንዴታ» እል ነበር። አሁን መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

ጎባ ላለ አንድ ክሊኒክ የሕመምተኞች መዝገብ የሠራሁት በዚያ መንገድ ነው። ሳጥኖች ሳልኩ፣ በመስመር አያያዝኳቸው፣ ቁልፉን ስጫን ኮዱ ተጽፎ ወጣ። የሳምንታት ሥራ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ደረቴን ነፍቼ ነበር የሰነበትኩት።

ካርድ ክፍሉን ለብዙ ዓመት የያዙት እናት ግን ስክሪኑን አይተው «ክሩስ?» አሉኝ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ካርድ ላይ ቀይ ክር ያስሩ ነበር፤ ጽሑፉን በችኮላ የሚያልፍ ሐኪም እንኳ ክሩን አይስተውም። በእኔ ዲያግራም ለክሩ ሳጥን የለም። ወደ ሥዕሉ መመለሱ ታከተኝና ኮዱ ውስጥ በእጄ ጨመርኩት። እሳቸውም ባለ ክሮቹን ካርዶች ከምረው አንድ በአንድ አስገቡ። ሲጨርሱ «ከእንግዲህ ወረቀቱ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። ካርዶቹ ተቃጠሉ።

ከወራት በኋላ ቀበሌ የሚሞላበት ቦታ ጨምርልን ተባልኩ። ዲያግራሙን አስተካክዬ ኮዱን እንደገና አስወጣሁ። ማሽኑ የተሳለውን ጻፈ፣ ያልተሳለውን ከነመረጃው ሰረዘ። እኔ ዘንድ የነበረው የመረጃው ቅጂ ደግሞ ክሮቹ ከመግባታቸው በፊት የተወሰደ ነው።

በማግስቱ ከሃረና ለመጣች ሴት የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘላት። ስክሪኑ ላይ ቀይ ነገር የለም። የካርድ ክፍሏ እናት ግን መልኳን ያውቁት ነበርና «ዲሲ፣ ተዪው» በኦሮምኛም በአማርኛም እያሉ በኮሪደሩ ሮጠው የነርሷን እጅ ያዙ።

ተጠርቼ ስደርስ የሚያስታውሷቸውን ስሞች ደብተር ላይ እየጻፉ ነበር። አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። ገጹ ግማሽ ላይ ሲደርስ ብዕራቸው ቆመ፤ ሌላ ስም አልመጣላቸውም።

«የቀሩትን በምን እናውቃቸዋለን?» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«እኔ እያለሁ በመልካቸው» አሉኝ። «እኔ ከወጣሁ በኋላ፣ ልጄ፣ መርፌውን ሲወጉ ታውቋቸዋላችሁ።»