ያልጮኸው ክሮቸራ

ባለፈው ሳምንት ከአምስት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ፣ የተሳፈርኩባት ታክሲ በታጠፈች ቁጥር ከፊት ጎማዋ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰጥ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ የሚሄድ ወጣት ነው።

«ልጄ፣ ይህቺን ነገር ቶሎ አሳያት» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝና ሳቀ። «ማዘር፣ መካኒክ ነዎት እንዴ?»

አዋላጅ ነርስ እንደነበርኩና ጡረታ እንደወጣሁ ነገርኩት። የቀረውን ለማውራት መንገዱ አጭር ሆነብኝና ወረድኩ።

የቀረው እንዲህ ነው። ትምህርቴን ገና የጨረስኩ ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ የቆርቆሮ በር በሚገባበት ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ ወሎዬ ናቸው፤ ማርና ቅቤ ከአገር ቤት እያመጡ ለፒያሳ ሱቆች ያከፋፍሉ ነበር። ለዚሁ ሥራ ከሐራጅ የገዟት አሮጌ ጂፕ ነበረቻቸው፤ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ጭቃ ሲመጣ የፊት ጎማዎቿም የሚጎትቱ። አባዬ እንደ በቅሎ ነበር የሚያዩዋት፤ ዳገት ከወጣች በኋላ ኮፈኗን መታ መታ ያደርጉላት ነበር።

ነሐሴ ላይ ምደባዬ መጣ። ቦታው ወሎ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ግማሽ ቀን በጭቃ የሚኬድበት ጤና ጣቢያ ነው። በሚመጣው ሰኞ ካልተገኘሁ ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚሰጥ ተነገረኝ። እማዬ ጎረቤት ሰብስባ አለቀሰች። «ያላገባች ልጅ ብቻዋን ምን ልትሆን ነው?» አለች። አባዬ ግን «አደርሳታለሁ» ብቻ አሉ።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ውስጥ እግሬን ይበላኝ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያድራል፣ ጠዋት ደግሞ በር ላይ ወጥቼ ሰማይ አያለሁ። ሻንጣዬን ዘግቼ እከፍታለሁ፣ ከፍቼ እዘጋለሁ። ያ ያደግኩበት ግቢ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ልጅነት ጫማ ጠበበኝ።

ሐሙስ ዕለት አባዬ ጊዮርጊስን ዞረው ሲመጡ ጂፗ ከፊት በቀኝ በኩል መጮህ ጀመረች። ዓርብ ጠዋት ስነሳ ጎማዋ ወልቆ፣ ድንጋይ ተደግፋ ግቢው መሃል ቆማ አገኘኋት።

«ክሮቸራዋ ነው» አሉኝ። ክሮቸራ መስቀል የመሰለች ትንሽ ብረት ናት፤ አራት ክንድ አላት፣ በየክንዷ ጫፍ አንዳንድ ቆብ። ጎማው ወደ ጎን ሲታጠፍም ከሞተሩ የሚመጣው ጉልበት እንዳይቋረጥ የምታደርግ አንጓ ናት። አባዬ አዲስ ፍለጋ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዱ። ከዚያ ጁምዓ ሰገዱ። ከዚያ ዝናብ ያዛቸው። እኔ ከበሩ ወደ ጂፗ፣ ከጂፗ ወደ በሩ ስመላለስ ዋልኩ። እማዬ ያቀበለችኝን የተጠበሰ በቆሎ እንኳ ቆሜ ነው የበላሁት።

ሲመለሱ ቀስ ብለው ጀመሩ። እያንዳንዷን ብሎን በናፍጣ አጥበው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ በተራ በተራ ደረደሩ። ጎረቤታችን ጋሽ በየነ፣ ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ፣ ከደጃፋቸው ሆነው ያያሉ።

«ሰይድ፣ እስላሙ ሰውዬ ከመስቀል ጋር ስትታገል ዋልክ እኮ!»

«አንተ አልሸከምም ካልክ ምን ላድርግ?» አሉ አባዬ ቀና ሳይሉ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ቅዳሜ ጠዋት መነሳት ነበረብን።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የቀኙ ተገጥሞ አለቀ። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። አባዬ ግን ክሪኩን ጎትተው በግራ በኩል አስገቡና የዚያኛውን ጎማ ብሎን ይፈቱ ጀመር።

«አባዬ! ያኛው ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ጮኸ?»

«አልጮኸም።»

«እንግዲያው ለምን ይፈቱታል? እንዳልሄድ ነው አይደል?» ድምፄ ግቢውን ሞላው። እማዬ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

አባዬ ቁልፉን አስቀመጡና አዩኝ። «እንዳትሄጂ ብፈልግ አትሂጂ እልሽ ነበር። አፍ አለኝ።» ከዚያ ወደ ጎማው ዞሩ። «ሁለቱ የተጓዙት አንድ መንገድ ነው። አንዱ ካለቀ ሌላውም ደህና አይደለም።»

ዘንጉን ስበው አወጡና የክሮቸራዋን ቆብ በመዶሻ መታ መታ አድርገው አወለቁት። ማለስለሻው ግራሶ የሚባል ነገር አልቀረበትም። እንደ በርበሬ የላመ ቀይ ዝገት መዳፋቸው ላይ ተራገፈ። በቆቡ ውስጥ ዙሪያውን መደርደር የነበረባቸው መርፌ የሚያካክሉ ብረቶች ተሰባብረዋል። ከጮኸው ይልቅ ያልጮኸው ነበር ያለቀው። አባዬ ዝገቱን ለረጅም ጊዜ አዩትና «አልሃምዱሊላህ» አሉ። ምናልባት አንድ ገደል አፋፍ ታይቷቸው ይሆናል። እኔም ታየኝ።

ቀጣዩን ቆብ ሲመቱ መዶሻው ስቶ አውራ ጣታቸውን አገኘው። ደም ከጥፍራቸው ሥር ፈሰሰ። ከሻንጣዬ ፋሻ አውጥቼ አሰርኩላቸው፤ ሙያዬን የጀመርኩት በአባቴ ጣት ነው ማለት ይቻላል። እጃቸው አልታዘዝ ሲላቸው መዶሻውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ያንቺ ጣት ቀጭን ነው። ነይ።»

ከሶማሌ ተራ የገዙት ሁለት ኖሯል፤ ሁለተኛዋን ክሮቸራ ከኪሳቸው አወጡልኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ቀጫጭኖቹን ብረቶች በግራሶ እያጣበቅሁ አዲሱ ቆብ ውስጥ ደረደርኳቸው። ቆቡን በቦታው አድርጌ ስመታው ግማሽ ገብቶ ቆመ። ደግሜ መዶሻውን አነሳሁ።

«ተይ!» አሉ። «አንዷ ወድቃለች። ቆቡን በጉልበት ካስገባሽው መንገድ ላይ ይሰበራል። አውጪና እንደገና ደርድሪ።»

እንደገና! ማልቀስ ቃጣኝ። አወጣሁ። እውነትም አንዷ ተጋድማለች። በዝግታ፣ ትንፋሼን ይዤ ደረደርኩ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ አርፎ ነበር። ቆቡ ያለ ጩኸት ሲገባ ጋሽ በየነ ከደጃፋቸው አጨበጨቡ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ወጣን፣ ደሴ አደርን። ሰኞ ከአስፋልቱ እንደወጣን ጭቃው ተቀበለን። አንድ የጭነት መኪና ዳገቱ መሃል ተቀርቅሮ ሰዎች ቅጠል ይጎዘጉዙለታል። አባዬ የፊት ጎማዎቹም እንዲጎትቱ ማርሹን አስገቡና በጎኑ ተጠማዘን ወጣን። እኔ ጆሮዬን በመስኮት አውጥቼ የግራውን ጎማ ሳዳምጥ ነበር። ጭቃ ከመርጨት በቀር ድምፅ አልነበረውም። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ኃላፊው ቢሮውን ሊቆልፉ ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ነበር።

አባዬ ሻንጣዬን አውርደው፣ የምተኛበትን ክፍል መዝጊያ ገፋ ገፋ አድርገው ፈተሹና ጂፗ ላይ ወጡ።

«የግራው ያንቺ ሥራ ነው» አሉኝ። «ካልያዘልኝ እዚሁ እመለሳለሁ።»

ለመሄድ ያን ያህል ስቸኩል የነበርኩት ሴት፣ ለአፍታ ባይይዝላቸው ብዬ ተመኘሁ። ያዘ። ጂፗ ከኩርባው ጀርባ እስክትሰወር ድረስ ቆሜ አየኋት። እዚያ ብዙ ክረምት ሠራሁ፤ ብዙ ሕፃናት ተቀበልኩ። አባዬ ካረፉ ቆይተዋል፣ ግቢውም በቅርቡ ፈርሶ መንገድ ሆኗል።

ያን ቅዳሜ ሊያስቀሩኝ ይሁን በደህና ሊያደርሱኝ፣ ለዓመታት ከራሴ ጋር ተከራክሬበታለሁ። ዘንድሮ ልጄ ጅግጅጋ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ስትሰናዳ፣ የኮቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈትቼ እንደገና ስተክል አገኘችኝ። «እማዬ፣ ደህና ናቸው እኮ! አውቶብሱ ሊያመልጠኝ ነው» አለችኝ። ቀና አላልኩም። የምትሄደው ኮት የሚያስለብስ ብርድ አገር እንዳልሆነም አውቃለሁ። ክሩን በጥርሴ በጠስኩና የመጨረሻውን ቁልፍ ያዝኩ።