ከዕርቁ በፊት ቆጠራው

እንጅባራ ውስጥ አራት ሐኪሞች በሽርክና ያቋቋሙት ሕክምና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ የቦርድ ሰብሳቢው ዶክተር ወርቁ ክፍሎቹን እያዞረ ያሳየኝ ነበር። ኦፕራሲዮን ክፍሉ አጠገብ ስንደርስ በሩ በድንገት ተበረገደና አንድ የብረት ሳህን ኮሪደሩ ላይ እየተንከባለለ መጥቶ እግሬ ሥር ቆመ። መቀስና መቆንጠጫ ተከትለውት ወጡ። ከውስጥ የወንድ ጩኸት ይሰማል።

«አይደንግጡ ጋሼ» አለኝ ዶክተር ወርቁ። «ዶክተር ጌትነት ነው፣ ቀዶ ሐኪማችን። አመሉ እንዲህ ነው እንጂ እጁ ወርቅ ነው።»

«ሳህኑ ሰው ቢመታስ?»

«እስካሁን አልመታም።»

መልሱ አናደደኝ። ይበልጥ ያናደደችኝ ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች፣ ሳህኑንና መሣሪያዎቹን ለቀመች፣ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ አስገባቻቸው። ፊቷ ላይ ቅንጣት መገረም አልነበረም። ጥፋት የጽዳት ሥራ አካል እስኪሆን ድረስ ቆይቷል ማለት ነው።

በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርሁት የሥራ አመራር ነው። ከዚያ በኋላ ዳንግላና አካባቢዋ በመንግሥት ጤና ተቋማት አስተዳደር አርጅቻለሁ። እዚህ የመጣሁት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። የሚያስቸግር ሐኪም ለእኔ አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነብኝ፣ መቀጣት ያለበት ሰው ቀጪውን የሚቀጥር መሆኑ ነው። ዶክተር ጌትነት ከአራቱ ባለድርሻዎች አንዱ ነበር፤ ከማዕከሉ ገቢም ትልቁን የሚያስገባው እርሱ ነው።

የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሲስተር ባንቺአምላክ ትባላለች። የግምጃ ቤት ልጅ ናት። ከገጠር የመጣውን አስታማሚ በአገውኛ፣ እኛን በአማርኛ ሥርዓት ታስይዛለች። ከሥራዋ ዋነኛው ቆጠራ ነው። ሆድ ከመከፈቱ በፊት የቀረበው የደም መምጠጫ ጨርቅ፣ ማለትም ጎዝ፣ መርፌና መሣሪያ ሁሉ ይቆጠራል። ሆዱ ከመዘጋቱ በፊት እንደገና ይቆጠራል። ሁለቱ ቆጠራዎች ካልገጠሙ ሐኪሙ መስፋቱን ያቆማል። ሆድ ውስጥ የተረሳ ጎዝ ይመግላል፤ ሰው ይገድላል። ይህን የማያውቅ ቀዶ ሐኪም የለም።

ሥራውን በለመድሁ ሰሞን ዶክተር ጌትነት የወረወረው መቆንጠጫ ሲስተር ባንቺአምላክን የእጅ አንጓዋን መታት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጅቼ ለቦርዱ አቀረብሁ። ዶክተር ወርቁ ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ ቂም ያቆያል። ሽማግሌ እናስቀምጥ።»

የብዙዎቹ ሠራተኞች ነፍስ አባት የሆኑት መምሬ ታዬ መጡ፤ በመሰብሰቢያ ክፍሉ ተቀመጥን። ዶክተር ጌትነት «ተናድጄ ነበር፤ አጥፍቻለሁ» አለና በቶሎ ጨረሰ። መምሬ ወደ ነርሷ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን አጠፋሽ?»

«እኔ?»

«አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።»

በፋሻ የተጠቀለለ አንጓዋን ተመለከተች። ሁሉም ይጠብቃታል። «መቆንጠጫውን ሳቀብል ዘግይቼ ይሆናል» አለች በመጨረሻ።

«ተባረኪ» አሉ መምሬ። መስቀል ተሳለሙ፤ ጉልበት ተሳሳሙ፤ ከዚያም ሁላችንም በማዕከሉ ወጪ ሆቴል ሄደን ጥብስ በላን። ይህ የመጀመሪያው እንዳልነበረ ያወቅሁት ከዘበኛው ነው። በማግስቱ በር ላይ «ዶክተር ደግ ሰው ናቸው ጋሼ» አለኝ። «እርሳቸው ካልተቆጡ እኛ ሥጋ የት እናገኛለን?» አልሳቅሁለትም።

ሽምግልናን አልንቅም። እኔም በወሰንና በጋብቻ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ነገር ግን የዕርቅ ሕጉ ያለፈው እንዳይነሣ ነው። ስለዚህ የዶክተር ጌትነት ጥፋት ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥፋት ነበር። የማይረሳው ሲስተር ባንቺአምላክ ከደግነት ያዋጣችው ጥፋት ብቻ ሆኖ ቀረ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ከአዘና በኩል አንድ ገበሬ አንጀቱ ተጠምዝዞ፣ ሆዱ ተነፍቶ መጣ። ዘመዶቹ ባሕር ዳር ሊወስዱት አስበው መንገዱ ተዘግቶባቸው ነው ወደ እኛ የመለሱት። ዶክተር ጌትነት ወዲያው ሆዱን ከፈተ። ሥራውን አሳምሮ ሠራ፤ ይህን አልክድም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማደንዘዣ ባለሙያው አንዱዓለም በዚያው ዕለት ነገረኝ፤ ሐኪሙም ነርሷም አላስተባበሉም።

«ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ጎድሏል። ይቆዩ» አለች ሲስተር ባንቺአምላክ።

«ደግመሽ ቁጠሪ።»

«ደግሜያለሁ።»

«እንግዲያው ቆጠራ አትችዪም። ዘገምተኛ መሆንሽን ራስሽ ለመምሬ ተናዝዘሽ የለ?» መስፋቱን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ለክር እጁን ዘረጋ።

«አልሰጥም።»

«ምን አልሽ?»

«ጎዙ ሳይገኝ ክር አልሰጥም።»

የመርፌ መያዣውን ግድግዳው ላይ ወረወረና ከክፍሉ እንድትወጣ አዘዛት። ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አንዱዓለም ከገበሬው ራስጌ ሆኖ፣ «ዶክተር፣ እኔም አላነቃውም። እንፈልግ» አለ።

ፈለጉ። ሆዱን እንደገና ከፍተው በእጅ ዳሰሱ፤ የለም። ባልዲውን ገለበጡ፤ የለም። በመጨረሻ በደም ተለጥፎ ከዶክተር ጌትነት ቦቲ ጫማ ሥር ተገኘ። ሆዱ ተዘጋ፤ ገበሬው ዳነ።

ነገሩ የከፋው ከዚህ በኋላ ነው። ጎዙ ሆድ ውስጥ ተገኝቶ ቢሆን ሁሉም ያመሰግናት ነበር። ጫማ ሥር ስለ ተገኘ ግን ተሳሳተች ተባለ። ዶክተር ጌትነት ቢሮዬ ገባ።

«ጋሼ፣ ሰው ፊት በከንቱ አዋረደችኝ። ወይ እርሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ።»

«ጎዙ የት እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«ሆድ ውስጥ እንደሌለ አውቅ ነበር።»

«በምን?»

«በልምድ።»

«ልምድዎ ጫማዎ ሥር ያለውን አላየም» አልሁት። በሩን ዘግቶ ሲወጣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ሌሎቹ ባለድርሻዎች ተሰበሰቡ። ዶክተር ወርቁ እንደ ልማዱ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። «ሽማግሌ እናስቀምጥ ጋሼ። እርስዎም ከመምሬ ጋር ይቀመጡ፤ እርስዎን ትሰማለች። ጥፋቷን ትመንና እርሱም ይብረድለት።»

«ካላመነችስ?»

«እንግዲህ ምን እናድርግ? እርሱን ማጣት አንችልም።»

ሥራዋን የምታድነው የሌለባትን ጥፋት ካመነች ብቻ ነው ማለቱ ነው። ይህን የሚሉት ሦስቱም ሐኪሞች ናቸው፤ ቆጠራ ምን እንደሆነ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ተቆጣሁ። በሽማግሌነት እንደማልቀመጥ፣ በሥራ አስኪያጅነት ግን እንደምገኝ ነገርኋቸው።

በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ዶክተር ጌትነት «ተናድጄ ነበር» አለ። መምሬ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ?»

«ይቅር ብያለሁ መምሬ። ጥፋት ግን የለኝም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«አምና የሌለኝን አዋጣሁ። ዶክተር እርሱኑ ይዘው ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡብኝ። ዘንድሮ የማዋጣው የለኝም።»

መምሬ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ዶክተር ጌትነት ሳቀ። ዶክተር ወርቁ የስንብት ደብዳቤዋን እንዳዘጋጅ በሚነግር ዓይን አየኝ። ተነሣሁ።

«በመተዳደሪያ ደንባችሁ ለክፍሎቹ ደኅንነት ተጠያቂው እኔ ነኝ» አልሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ለቀጠሮ ሕመምተኛ ዝግ ነው። ለድንገተኛ ይከፈታል፤ ቁልፉም ከሲስተር ባንቺአምላክ ጋር ይሆናል። የሚፈረመው ሁለት ነገር ነው። ቆጠራው ሳይገጥም አይሰፋም። ዕቃ የወረወረ ለአንድ ወር ክፍሉን አይረግጥም። ደንቡን የፈረመ የቀጠሮ ሥራውን ይቀጥላል።»

«ለእኔ ነው ይህ ሁሉ?» አለ ዶክተር ጌትነት።

«ለሚሠራ ሁሉ።»

«ጋሼ፣ ማዕከሉን ሊዘጉት ነው?» አለ ዶክተር ወርቁ።

«እኔ የዘጋሁት አንድ ክፍል ነው። እናንተ ልትዘጉ የነበረው የእርሷን አፍ ነው።»

የተከተሉት ቀናት ክፉዎች ነበሩ። እንቅርትና ቡአ ሊያስወጡ በቀጠሯቸው የመጡትን በር ላይ ቆሜ የመለስሁት እኔው ነኝ። ከጫግኒ ሚኒባስ ተኮናትረው የመጡ ቤተሰቦች ረገሙኝ፤ እውነት ነበራቸው። ባለድርሻዎቹ ሰላምታ ነሡኝ። ሲስተር ባንቺአምላክ ግን በየጠዋቱ ክፍሉን ከፍታ፣ መሣሪያውን አዘጋጅታ፣ መልሳ ትቆልፍ ነበር።

ከዚያ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ወጣት በባጃጅ አመጡ። ዶክተር ጌትነት እየሮጠ ሲደርስ ክፍሉ ተከፍቷል፤ መሣሪያው ተደርድሯል፤ አንዱዓለም ማደንዘዣውን ጀምሯል። እጁን እየታጠበ ሳለ ሲስተር ባንቺአምላክ ከኋላው ቆመች።

«ቆጠራው እስኪገጥም ይቆያሉ?»

«እቆያለሁ።»

«ትንሽ ጮክ ይበሉ፤ አንዱዓለምም ይስማ።»

«እቆያለሁ አልሁ።»

ቆየም። ማታ ቢሮዬ መጥቶ ደንቡን ፈረመ። ወረቀቱ እስኪቀደድ እስክሪብቶውን ተጫነው፤ እስክሪብቶውን ግን አልወረወረም።

የእኔ ውል ሲያልቅ አልታደሰም። ዶክተር ወርቁ «ደክሞዎታል ጋሼ፣ ይረፉ» አለኝ። አልደከመኝም አልሁት፤ ቁልፎቹን አስረክቤ ወጣሁ።

ከዓመት በኋላ አንዱዓለም ስልክ ደወለልኝ። ዶክተር ጌትነት ማንም ሳያዘው መምሬን አስጠርቶ ከሲስተር ባንቺአምላክ ጋር ታርቋል። ጥፋቱን አንድ በአንድ ተናገረ፤ ሳህኑን፣ መቆንጠጫውን፣ ክሩን። መምሬ እንደ ወጉ ወደ እርሷ ዞረው «አንቺስ ልጄ?» ሲሉ፣ ዶክተር ጌትነት ቀደማት።

«መምሬ፣ እርሷን አይጠይቋት።»

አንዱዓለም ደስ እንዲለኝ ነበር የደወለው። ደስ አላለኝም። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር እኔ መጀመሪያ በተገኘሁበት ዕርቅ ልትባል ትችል ነበር፤ ከተሰበሰብነው ውስጥ ያላት አልነበረም፤ እኔም አላልኋት።

በሥራ ላይ ጥፋት ሲፈጸም መጀመሪያ ሥራው ይቁም፤ ቀጥሎ ደንቡ ይፈረም፤ ዕርቁ በመጨረሻ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚከፍለው ያላጠፋው ነው።