አያቴ የሚጎርሱት እጅ

ዳንግላ ላይ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆኜ ስቀጠር አክስቶቼ ከእጄ መጉረስ ተዉ። «ደምና ትውከት ስትነካካ ውላ!» እያሉ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። የታላቋ አክስቴ ልጅ ከጋሪ ወድቆ ሲመጣ ግን ቁስሉን ያጠበው ይኸው እጅ ነው።

አያቴ ብቻ ከሥራ እስክገባ ምሳቸውን ሳይነኩ መደባቸው ላይ ይጠብቁኝ ነበር። «ነይ ልጄ፣ ታጠቢና አጉርሽኝ። እነዚህም ይዩ!» ይሉና አፋቸውን በሰፊው ይከፍታሉ።

ትናንት በአርባቸው፣ ለሳቸው አደርግ እንደነበረው ጠቅልዬ ለታላቋ አክስቴ ዘረጋሁላት። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ያኔ በቃ፣ ሁሉም ቀፈፉኝ። ማንም ሳይቀመጥበት ወደ ዋለው የአያቴ መደብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጉርሻውንም እነሱ እያዩ ራሴ ጎረስኩት።