ባር ያለበት ቤት አልገባም ያለችው እናቴ

ትናንት ከሰዓት... ሳሎኔ በመስቀል እንግዳ ጢም ብሎ ሳለ እናቴ ከአንጋጫ መጥታ በር ላይ ቆመች። ቆመች ስላችሁ ቆመች ነው፤ አንድ እግሯን እንኳን አላስገባችም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዘንድሮ የባሌ ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው መስቀልን ሆሳዕና ከተማ እኛ ቤት ሊያከብሩ ነው ሲባል፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚያወራለት ነገር ካልሠራሁ ብዬ ተነሳሁ። ክትፎውንማ ማን ያጣዋል። እኔን ያማረኝ ባር ነው... ሳሎን ጥግ ላይ፣ ትንንሽ መብራት የተንጠለጠለበት፣ ብርጭቆው የሚያብረቀርቅ፣ እንግዳ ባንኮኒውን ተደግፎ «እስቲ ቅጂልኝ» የሚልበት።

አልኮል? በፍጹም። የኛ ቤት የጴንጤ ቤት ነው። ብርዙን በብርሌ፣ ቀሪቦውን በጆግ፣ ዝንጅብሉን በሎሚ በጥብጬ ናና ቅጠል ጣል አደረግኩበት። ሲደረደር እንዴት እንዳማረ... ራሴን አላመሰግንም ብዬ ነበር፣ ግን ማን ያመስግነኝ፤ አምሯል።

የቸገረኝ ባንኮኒው ነበር። አናጢው ከበዓሉ በኋላ ካልሆነ አላደርስም አለኝ። ያኔ ነው ከኩሽና ጀርባ ለዓመታት ተገትሮ የኖረ ጣውላ ትዝ ያለኝ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ በለስላሳ ሳጥኖች ላይ አጋደምኩት። መሃሉ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ብርጭቆ ሲቀመጥበት ያጋድላል፤ እዛ ላይ የሎሚ ሳህን አስቀመጥኩ። የምን ጣውላ እንደሆነ ለባሌም አልነገርኩትም። ለናንተም ቆይቼ ነው።

ከዛ ፎቶ አነሳሁና «ባሬን እዩልኝ» ብዬ እዚሁ ገጼ ላይ ለጠፍኩት። ጥፋቴ ይሄ ነው።

ዳምቦያ ያለችው አክስቴ በልጇ ስልክ አየችው። አይታ ዝም ብትል ጥሩ... ለእናቴ ደወለች። እናቴ ደግሞ ለኔ።

«ማርታ ባር ከፍታለች ይላሉ። እውነት ነው?»

«ባር ነው እማዬ፣ ግን...»

«ባር ያለበት ቤት አልገባም።» ስልኩን ዘጋችው።

ልቤ ስብር አለ። ካገባሁ ጀምሮ እናቴ አንድም በዓል እኔ ቤት አሳልፋ አታውቅም። «የሴት ልጅ ቤት የአማች ቤት ነው፣ አላስቸግርም» ስትል ኖራ ዘንድሮ ባሌ ራሱ አንጋጫ ድረስ ሄዶ ለምኖ ነው እሺ ያሰኛት። እሱን ነው በአንድ ፎቶ ያበላሸሁት።

ትናንት የመጣችው ለልጆቼ ቅቤ ልታደርስ ብቻ ነው።

«ልጆቹን ጥሪልኝ፣ ስሜያቸው ልሂድ» አለች በሩ ላይ።

«እማዬ፣ ብርዝ ነው እኮ። ግቢና ቅመሺው።»

«አልቀምስም።»

ውስጥ ደግሞ የባሌ ታናሽ ወንድም ታምራት ባንኮኒውን በሁለት ክርኑ ተደግፎ፣ እግሩን አጣምሮ ቆሟል። ጠዋት «ባር ብለሽ ጠርተሽን ብርዝ?» ሲል የነበረው ሰውዬ አሁን «ይሄ ቦሌም የለም» እያለ ብርጭቆውን ያስሞላል።

እናቴ በትከሻዬ በኩል አየችው። ከዛ እሱን ትታ የተደገፈበትን አየች... ዓይኗ እዛው ቀረ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ እኔን ገፋ አድርጋ ገባች። የሎሚውን ሳህን አነሳችና ጎድጓዳው ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ይሄ የኔ አይደለም?»

«ያንቺ ነው እማዬ። ስዳር የሰጠሽኝ።»

ወደ ታምራት ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ምን ላይ እንደተደገፍክ ታውቃለህ?»

«ባንኮኒ ነዋ፣ እማማ።»

«የእንሰት መፋቂያ ነው።»

ለማታውቁ... በኛ አገር እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ እንሰቱን ጣውላው ላይ በተረከዟ ረግጣ ይዛ ትፍቀዋለች። ወንድ ጣውላውን መደገፍ ይቅርና ሴቶች በሚፍቁበት በኩል ማለፍም ያፍራል። ታምራት ክርኑን እሳት እንደነካው ሰው አነሳው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ በተለይ ሚስቱ ትሞታለች ብዬ ነበር።

እናቴ አልሳቀችም። ጎድጓዳውን በጣቷ እያሳየችን፣ «ይሄ ተረከዜ ነው» አለች። «አባታቸው ካረፈ በኋላ ልጆቼን ሁሉ ያስተማርኩት እዚህ ላይ ፍቄ፣ ቆጮ ሸጬ ነው።»

እኔ እስከዛች ሰዓት በመብራቱና በብርጭቆው ነበር የምኮራው። ያንን ጎድጓዳ በሎሚ ሳህን ሸፍኜው ነበር እኮ። አሁን ሰው ሁሉ እያየው ሳለ እንባዬ መጣ። ከቤቴ ዕቃ ሁሉ የምኮራበት እሱ ሆነ።

እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ለኔ ሰጠችኝና ከባንኮኒው ጀርባ ገባች።

«ና ተመለስ» አለችው ታምራትን። «ተደገፍ። ባለቤቷ ፈቅዳለች።»

ብርዙን ቀመሰች። «ማሩ አንሷል» አለች፣ ግን ለሁሉም ቀዳች። እኔ ተቀብዬ አዳረስኩ።

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። የዳምቦያዋ አክስቴ ነች፤ ወሬው እንዴት እንደሆነ ልትሰማ። እናቴ ስልኩን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እየቀዳች መለሰችላት።

«አዎ፣ ባር አለ። በዓይኔ አየሁት... የማርታ አይደለም እኮ፣ የኔ ነው... ነገ ነይ፣ እቀዳልሻለሁ።»

ዛሬም አንጋጫ አልተመለሰችም። ባሯን ጥላ የት ትሄዳለች?