ጫፉን የያዘው

ዲጂኖው ሲወርድበት ሜትር የሸሸገው ክንዱን ሳይሆን ደብተሩን ነው። አጥንቱ ቀው ብሎ ሲሰበር አፍራሾቹ እንኳ ፊታቸውን አዞሩ። ዲጂኖውን የያዘው ደግሞ የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነበር።

ሜትር የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈርተኛው ነው። ዕድሜውን በግንበኝነት ፈጅቶ ሊያርፍ ሲገባው፣ የጥንቱ ባላባት ያሠሯቸውን ዐሥራ ሁለት መስጊዶች እየለካ መመዝገብ ጀመረ። የላከው የለም። የባላባቱ ቤተ መንግሥት ጎብኚ ይጋፋበታል፤ መስጊዶቻቸውን ግን ዞሮ የሚያያቸው አልነበረም። መለኪያ ሜትሩ የሚዘረጋው ለሁለት ነውና ታናሹ ጫፉን እየያዘ አብሮት ዞረ። ልኬቱ ቢሳሳት ሁለቱም እንዲጠየቁ፣ ደብተሩ በየገጹ ግርጌ «ጫፍ የያዘ፦ ወንድሜ» ይላል።

ዐሥራ አንዱን ጨረሱ። ዐሥራ ሁለተኛው ለሱቅ ተፈልጎ ሊፈርስ ሆነ፤ ታናሹም የአፍራሾች አለቃ ሆኖ ተቀጠረ። እጅና ጓንት የነበሩት ሆድና ጀርባ ሆኑ። የማፍረሱ ቀን ሜትር ደብተሩን ይዞ መስጊዱ በር ላይ ቆመ።

«ወንድምጋሼ፣ ከበሩ ዘወር በል።»

«ሳልለካው አትነካውም።»

ታናሹ በቡጢ ሁለት ጥርሱን አረገፈለት። ሜትርም የዋዛ አይደለም፤ ድንጋይ አንስቶ ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ነው ታናሹ ዲጂኖውን ያነሳው።

በጠቡ የተነሳ ማፍረሱ ለሰኞ ተላለፈ። ሜትር ቀኝ ክንዱን ደረቱ ላይ አሳስሮ ጫፍ የሚይዝለት ሲለምን ዋለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ፈርቶ እግሬን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ አለ። ሚስቱም «የቀረችህን እጅ ልታሰብር ነው?» ብላ ሜትሩን ደበቀችበት። ፈልጎ አገኘውና እሑድ ጠዋት ብቻውን ሄደ።

ታናሹ ግንባሩን በጨርቅ አስሮ መስጊዱ ደጃፍ ተቀምጧል።

«ጫፉን አምጣ» አለ።

«አንተ?»

«የሰበርኩህ እኔ፣ ሌላ ሰው ሊያግዝህ ነው?»

«እንግዲያው ማፍረሱን ተወው።»

«ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

ሜትር ሊተፋበትም ሊያቅፈውም ፈለገ፤ ሁለቱንም ሳያደርግ ጫፉን ሰጠው። ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከወለል ጣሪያ ለኩት። ኢማሙ ቆሞ የሚያሰግድበት ሚህራብ ጋ ሲደርሱ ታናሹ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበለት፣ እንዳይሳሳት።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ዲጂኖ ሚህራቡ ላይ ያሳረፈው እሱ ነበር። ሜትር ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ አቧራው እየሸፈነው፣ በግራ እጁ በተንጋደደ ፊደል ገጹን ዘጋ።

«ጫፍ የያዘ፦ ወንድሜ። ያፈረሰ፦ ወንድሜ።»