በረት የነበረበት መሬት

እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ታላቅ እህቱ ከላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

«ትወጣለህ ወይስ አፈሩን ልመልስብህ?»

«ትንሽ ቀረኝ፣ እትዬ።»

«እዚያ የተቆፈረው ምን ሆነና ነው እዚህ የምትቆፍረው?»

ከጉድጓዱ ግድግዳ ትንሽ አፈር ፈቅፍቆ በምራቁ አራሰና በሁለት መዳፉ አንከባለለው። አፈሩ እንደ ገመድ ቀጥኖ ወጣ፤ አልተበጠሰም። አጥፎ ቀለበት አደረገው፤ አልተሰነጠቀም። ለቀለበት የሚሆን አፈር ለአቮካዶ አይሆንም።

መሥሪያ ቤት ጋሽ ጭቃ ይሉታል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲቀጠር ቆፋሪ ነበር። እሱ ይቆፍራል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው አፈሩን የሚመረምሩት ሌሎች ነበሩ። አንድ ቀን አንደኛውን መርማሪ ወገቡን አመመውና «አንተ ግባና የምታየውን ንገረኝ» አለው። ነገረው። ከዚያ የማታ ትምህርት ገብቶ፣ ወረቀቱን ይዞ የአፈር ባለሙያ ሆነ። በእሱ ቦታ ቆፋሪ ስላልተቀጠረ እስከ ዛሬ ራሱ ይቆፍራል።

የወረዳው አፈር ሦስት ዓይነት ነው። ሦስቱንም ሚስቱ ከሱሪው ታውቃቸዋለች። ሱሪው ቀይ ከሆነ ዳገቱ ላይ ውሏል፤ እዚያ ውሃ ስለማይቆም በቆሎም ፍራፍሬም ይሆናል። ሲራገፍ የሚረግፍ ከሆነ ወንዝ ዳር ነበር፤ ሽንኩርትና ካሮት የሚበቅልበት አሸዋ ነው። ጥቁር ሆኖ በቢላ ካልተፋቀ የማይለቅ ከሆነ ሜዳው ላይ ነበር ማለት ነው። ይኼኛው ዋልካ ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ጫማ ያስቀራል። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሽምብራ ይዘሩበታል፤ ሽምብራው አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። የዛፍ ሥር ግን ይበሰብስበታል። ሰውዬው በትዳር ዘመኑ የት እንደዋለ ዋሽቶ አያውቅም። አልተመቸውም።

የእህቱ ማሳ ሜዳው ላይ ነው። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ መሬቱን ብቻዋን ታሳርሳለች፤ ጉልበቷ ግን ከድቷታል። ጭቃ ውስጥ ቆማ መዋል አልቻለችም። ዛፍ አንዴ ከተተከለ በየዓመቱ ታረስልኝ አይልም። ስለዚህ ማሳዋን ከዳር እስከ ዳር አቮካዶ ልታለብሰው ቆረጠች። ችግኝ የሚያድለው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የሚያድለውም አፈሩ ተመርምሮ ላለፈ ማሳ ብቻ። ባለሙያ የዘመዱን ማሳ ስለማይመረምር አዲሷ ባለሙያ ተላከች።

አዲሷ ባለሙያ «የት ብቆፍር ይሻላል?» ብላ ጠየቀች። እህቱ አሳየቻት። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ አፈሩ የላላ፣ ለምና ውሃ የሚያሳልፍ ሆኖ ተገኘ፤ ማሳው አለፈ። ጋሽ ጭቃ ይህን ሲሰማ ዋልካ እንዲህ ሆኖ እንደማያውቅ አሰበ። ከዚያ ትዝ አለው። ልጆች እያሉ ማሳው መሃል በረት ነበር። የከብቶቹ ፍግ ጥቁሩን አፈር አላልቶታል፣ ቦታውንም ከፍ አድርጎታል። በረቱ ፈርሶ ከታረሰ ቆይቷል። ላዩን ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ መሬት ነው።

እሁድ ዶማና አካፋ ይዞ የመጣው ለዚህ ነው። አሁን ከእግሩ ሥር ውሃ ማቀርዘዝ ጀምሯል።

«ያቺን ልጅ በረቱ ላይ ነው ያስቆፈርሻት» አለ።

«አዎ።»

«ለምን?»

«እንግዳ ናታ! ለእንግዳ ሳሎኔን ትቼ ጓዳዬን ላሳያት?»

«እትዬ፣ የቀረው ማሳ ውሃ ይተኛበታል። ዛፉ ሁለት ክረምት አይዘልቅልሽም።»

«ለሰው ሁሉ ስትፈቅድ ትውላለህ። የእኔ ሲሆን ውሃ ተኛ።»

«እኔ አላስተኛሁት።»

«አፍንጫህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ። ምሳ አልጋበዘችውም።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገብቶ ያየውን ተናገረ። ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ።

«የገዛ እህትህን ማሳ ልታስከለክል ነው የመጣኸው?»

«በረት ከነበረበት በቀር።»

«ሰው በዚህ በር የሚገባው ለዘመዱ ሊያስፈቅድ ነው። ሊያስከለክል ሲመጣ ያየሁት አንተን ነው። ተጣልታችኋል እንዴ?»

«ገና ነን። ማታ ነው የምነግራት።»

አዲሷ ባለሙያ ተመልሳ ሄደች። በዚህኛው ጊዜ የት ልቆፍር ብላ አልጠየቀችም፤ አራቱንም ማዕዘን ቆፈረች። ከአራቱም ውሃ ወጣ። ለበረቱ ቦታ የሚበቃው ችግኝ ብቻ ተፈቀደ። የጭነት መኪናው ጥቂቱን አራግፎ የቀረውን ይዞ ዳገቱን ወጣ፤ እዚያ የተቀበለው ሰው ደግሞ እህቱ ሜዳው ላይ ባለው ማሳው ድንበር ስትካሰሰው የኖረችው ሰውዬ ነበር።

ለመትከል ሄደ። እህቱ አላናገረችውም። ለማየት የመጣች ጎረቤቷን ግን «ያንን ሰው፣ ጥልቀቱ በቃ በዪው» አለቻት።

«በቃ ትላለች» አለች ጎረቤት።

«ትንሽ ይቀረዋል በያት።»

«ትንሽ ይቀረዋል ይላል።»

«ከልጅነቱ ጀምሮ ትንሽ እንደቀረው ነው በዪው።»

ጎረቤት ይህንንም አደረሰች። ሦስቱም የቆሙት አንድ ችግኝ ዙሪያ ነው።

ጉልበቷ አልዳነም፤ የቀረው ማሳ ደግሞ ያው የሽምብራ ማሳ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጋሽ ጭቃ የዓመት ፈቃዱን በሽምብራ ዘር ሰሞን ይወስዳል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በእሷ ፋንታ ጭቃው ውስጥ ይቆማል። እሷ ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጥና ለጎረቤቷ ሰውዬው ምን እያበላሸ እንደሆነ ትነግራታለች። ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ምሳ ይላክለታል።

በአራተኛው ዓመት አቮካዶዎቹ ፍሬ ሰጡ። እህቱ የመጀመሪያውን ቅርጫት ሞልታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ላከች፤ ለወንድሟ ሳይሆን ለአዲሷ ባለሙያ።