ኖራ የቀመስሁበት ገዳም

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ማዕረጉ እንዳያስደነግጣችሁ፤ ሥራው ውሃ ልክ ይዞ ፊትን አኮሳትሮ መቆም ነው። አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጋር በጀልባ ጣናን ተሻግረን ጎርጎራ ወረድን። እዚያ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በነገሥታቱ ዘመን የሠሩት ገዳም ፍርስራሽ አለ። «ድንጋዩ ተነቅሎ ለእህል መጋዘን መሥሪያ ይሆን እንደሆነ አይታችሁ ኑ» ተብለን ነው።

ጣሪያው ወድቋል። ቅስቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በየድንጋዩ አበባ ተቀርጾበታል፣ አንዱም ካንዱ አይመሳሰልም። በመጋጠሚያው መርፌ አይገባም። ቆቤን አወለቅሁ። ቀጥሎ የሆነውን ያደረገው አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም፤ ከልጅነቱ እንደለመደው ጎንበስ ብሎ የበሩን መቃን ሳመ።

«በስመ አብ!» አሉ መንገድ የመሩን ሽማግሌ። «አንተ ልጅ፣ የካቶሊክ ግንብ ትሳለማለህ?»

ካድሬው ዞረ። ባንድ መሳም ሁለት ጥፋት፤ ለሽማግሌው ሃይማኖቴን ለውጫለሁ፣ ለካድሬው ጭራሽ ሃይማኖት አለኝ። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባችን ሲጾም ተገኝቶ ከሥራ ተባሯል። እኔ ደግሞ ጎጆ ከወጣሁ ገና መንፈቄ፤ ከዚያች ደመወዝ ሌላ የለኝም።

«ምን እያደረግህ ነው ጓድ?»

«ኖራውን እየቀመስሁ።» ከንፈሬ ነጭ ሆኗል፤ ማስረጃስ አልጠፋም።

«ኖራ ይቀመሳል እንዴ?»

«የጠና ኖራ ጨው ጨው ይላል፣ ያልጠናው ይጎመዝዛል።» ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ካድሬው ደብተሩን አወጣ። «እንግዲያው ያንንም ቅመስ። ባንድ ግድግዳ ይወሰናል?»

የአባቶቹን ክፍሎች፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ ማድቤቱን ሳይቀር እየዞርሁ ላስሁ። ካድሬው ከኋላዬ «ጨው» እያለ ይጽፋል። ሽማግሌው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ተከተሉኝ፤ ስንጨርስ ጠጋ አሉና፣

«ልጄ፣ መጀመሪያ የተሳለምኸው እኮ የበቅሎ ጋጣቸውን ነው» አሉኝ።

ሪፖርቱ «ኖራው በባለሙያ ተቀምሶ እጅግ የጠና ሆኖ ስለተገኘ፣ ድንጋዩ ሳይሰበር አይላቀቅም» አለ። ግንቡ ቀረ፤ እኔም ሳልባረር በሥራዬ ላይ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ለመሥሪያ ቤቱ የሚገባ ኖራ ሁሉ አስቀድሞ ወደ እኔ ይላክ ጀመር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቀምሻለሁ። ልዩነቱን ዛሬም አላውቀውም።